ያለ አሻራ የሚወሰድ መሬት

አስኩዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሁለተኛው ክረምት ከተባለ ነው። የቤቱን በተራ ልንገርሽ። አንደኛ፣ ከተማ ያለው የበቾ ቦሬው ቤታችን ደህና ነው፣ ጓዳው ብቻ ያፈሳል። ሁለተኛ፣ ጉልበቴን አሞኛል፣ እሱን ተይው። ሦስተኛ፣ አጋሮ ያለው የአባትሽ ቡና። ያለጊዜው ዘነበና አበባው ወጣ፤ ከዚያ ዝናቡ ጠፋ፣ ሙቀቱ አበባውን ጠበሰው። የተረፈችውን ለቅመን ስናሰጣ ደግሞ ዝናብ መጥቶ ማስጫው አልጋ ላይ ሻገተች። ትዝ ይልሻል፣ አበባው ሲፈነዳ ከመኪና አስወርደሽኝ ዝም ብለህ አሽትት ያልሽኝ? ዘንድሮ የሚሸተት የለም።

ልጃችን ሜሮን ይሄን ዝም ብዬ አላይም ብላ ተነሳች። የዓለም መሪዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲሰበሰቡ የሚቀርብ አቤቱታ ይዛ ከጓደኞቿ ጋር በየቡና እርሻው ትዞራለች፤ መጻፍ የማይችለውን በቀለም አሻራ ታስፈርማለች። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። መንገዱ፣ ፀሐዩ፣ በፖለቲካ ቢተረጎምባትስ? ተይ አልኳት። አልሰማችኝም፣ ያንቺ ልጅ አይደለች።

ሸቤ ላይ ማንም ጣቱን አልሰጣትም። አሻራ እኛ ዘንድ ለመሬትና ለብድር ነው፤ ልጅቷ መሬት ልታስወስድ መጣች ተባለ። አጋሮም የመሬታችን ጎረቤት አባ ተማም እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ከተቱ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያ ፈረንጅ የኔ ጣት ምን ያደርግለታል? የራሱ የለውም?» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እያለቀሰች ቤት ገባች።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። በአባ ተማም አይደለም፤ እሳቸው የፈሩት ለመሬታቸው ነው። መሬቱ እኮ እየተወሰደባቸው ነው፣ ያለ አሻራ። እነዚያ መሪዎች የፋብሪካ ጭሳቸውን ሲለቁብን ማንን አስፈረሙ? በየዓመቱ ይሰበሰባሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ለከርሞ ይቃጠራሉ። ቡና ቀጠሮ አይጠብቅም። ደግሞ ዛፍ ትከሉ ይሉናል፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና የሚያሳድገውን ሰው። ቡናችንን እየጠጡ እንኳ አያፍሩም።

ቅዳሜ አብሬያት አጋሮ እሄዳለሁ። መጻፍ ብችልም ሰው ፊት አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ መጀመሪያ እኔ አሳርፋለሁ፤ እኔም እዚያ የሚወሰድ መሬት ያለኝ ሰው መሆኔን ያውቃሉ። ያንቺንም ስም ላስገባ ብዬ ነበር፣ ሜሮን ሟች አይፈርምም አለችኝ። ይሁን። በየደረስንበት ግን ያ ቡና የማን እንደነበር እናገራለሁ። እኔ ቆሜ እየሄድኩ ስምሽ ከዚያ መሬት ላይ አይነሳም።

ባለቤትሽ፣ ታደሰ