ገመዱን ያነሳው ማን እንደሆነ ሊቀ መንበራችንን ለማስታወስ

ለክቡር አቶ መርዕድ፣ የፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የአማተር መኪና ውድድር ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የተመልካች ሥነ ሥርዓት ኃላፊ፣ እንዲሁም በቅዳሜው ውርደት ብቸኛ ተጠያቂ፦

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ጤናዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንደጸና፣ ዐይንዎ እንዳልደከመ፣ በተለይም መነጽርዎ እንደተገኘ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ወደ መነጽሩ በኋላ እመለሳለሁ። እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ አስፋልት ላይ ቆሞ የዋለው ጉልበቴ ብቻ እርስዎን በስም እየጠራ ያቃስታል።

በአደባባይ የምጽፍልዎ እርስዎም በአደባባይ ስለጻፉ ነው። ሰኞ ዕለት በማኅበሩ ግሩፕ ለሁለት መቶ ሰው ባሰራጩት ሪፖርት፣ ለውድድር የምንዋሰው የአሌክሳንድሪያው ፓርኪንግ ጠባቂ ማስጠንቀቂያ የጻፈብን «ገመዱ ዘንድ የቆሙት እናት ማንበብ ስለማይችሉ መመሪያውን ሳይረዱት ቀርተው ነው» ብለዋል፤ «እኚህ እናት ከሥራው ተነስተዋል» ሲሉም ጨምረዋል። ስሜን ስላልጠቀሱ አመሰግናለሁ። ገመዱ ዘንድ የቆመች እናት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሰው ለመለየት ብዙም አልተቸገረም። ሪፖርቱን ማንም አላነበበልኝም። ራሴ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ ለመረዳት፣ ሁለተኛ ጊዜ ለማመን።

ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ሦስት ዓመቴ መሆኑን ደብቄ አላውቅም። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ እያለኝ ተምሬያለሁ፤ እነሱ ጨርሰው ወደ ጨዋታቸው ሲሮጡ እኔ ገና «ሐ» ላይ ነበርኩ። በስድስት ዓመት ድካም ያገኘሁትን እርስዎ በአንድ መስመር ወሰዱብኝ። አሳጥሮ መጻፍ ስጦታ ነው፤ እኔ ስላልተሰጠኝ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ መመሪያው። የሰዓት ተቆጣጣሪያችን ዮዲ ባለ ሰባት መስመር ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅታ ሰጠችን። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ይህን ያህል ስትደክም እኔ ሳላነበው ብቀር ነውር ነው ብዬ፣ ከተወዳዳሪያችን ከደምሴ ጎን መኪናው ውስጥ ተቀምጬ፣ ቤልትዌይ የሚሉትን የከተማ ዙሪያ አውራ ጎዳና እስክንጨርስ አምስት ጊዜ አነበብኩት። ተመልካች ከገመዱ አያልፍም። ገመዱ ከቦታው አይነሳም። ከገመዱ ፊት ወንበር አይቀመጥም። ሰው ካለፈ ቀይ ባንዲራ ይነሳል፣ መኪናም ይቆማል። የቀሩት ሦስት መስመሮች ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ሽንት ቤት ናቸው፤ እነሱ ተከብረዋል።

፪ኛ. ስለ አክብሮት። ውድድራችንን ለማያውቁ ልንገራቸውና፣ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ኮኖችን እየዞሩ ሰዓት የሚያስይዙበት ነው፤ የተመልካች ሥራ አርፎ ማየት ብቻ ነው። ጠዋት ስንጀምር ገመዱ ከመጀመሪያው ኮን ሃያ እርምጃ ይርቅ ነበር፤ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ከዚያ ጋሽ ክፍሌ ከስካይላይን ሰፈር መጡ። የፊቱ መስመር በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ። እሳቸው «በእግዜር፣ ኧረ አይሆንም፣ ተቀመጡ» ሲሉ፣ ሰዉ «እንዴት ተደርጎ!» ሲል፣ አንድ መኪና ተነስቶ፣ ዞሮ፣ ጨርሶ ወጣ፤ ማንም አላየውም። የተነሱት ሰዎች ወደ ኋላ ቢሄዱ አይታያቸውም፤ ከፊት ቢቆሙ ለሽማግሌ ጀርባ መስጠት ይሆናል። ይህን ከባድ ጥያቄ የፈቱት እርስዎ ነዎት፤ የጋሽ ክፍሌን ወንበር ከነገመዱ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት አስጠጉት። ቀጥለው አማትዎ ወይዘሮ ብርሃነሽ መጡ። በዕድሜ ከጋሽ ክፍሌ ስለሚበልጡ ከኋላቸው ሊቀመጡ አይገባምና የእሳቸው ወንበር ደግሞ ሁለት እርምጃ ቀደመ። ጋሽ ክፍሌም ከእናት ኋላ መቅረት አልሆነላቸውምና እሳቸውም ተጠጉ። እስከ እኩለ ቀን ዘጠኝ ታላላቆች መጡ፤ እያንዳንዳቸው በተከበሩ ቁጥር መኪናው የሚዞርበት ቦታ ጠበበ። ለታላቅ መነሳት ወግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእነወንበሩ ወደ መኪና መንገድ መሄድ ወግ መሆኑን ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና እግዜር ይስጥልኝ።

፫ኛ. ስለ ኮን። በመጨረሻ ገመዱ ወይዘሮ ብርሃነሽ አገጭ ላይ ደረሰ። እርስዎም «ለእናታችን አይመቻቸውም» ብለው በገዛ እጅዎ ከራሳቸው በላይ አነሱትና ወደ ኋላቸው አሳለፉት። እሳቸው የመጀመሪያው ኮን አናት ላይ ያለውን ቀዳዳ ሲያዩ ጥላቸውን ሰክተውበት ከሥሩ ተዝናኑ። ደምሴ በዚያች ደቂቃ ተነስቶ ነበርና እኔ መስመር አራት እንደሚያዘው ቀይ ባንዲራውን አነሳሁ። እርስዎ ሮጠው መጥተው «እማማ፣ በእናት ፊት ባንዲራ ማውለብለብ ምን የሚሉት ነው?» ብለው ከእጄ ነጠቁኝ። ደምሴ ባንዲራ አላየም፤ ጥላ ግን አየ። እግዜር ይባርከውና እንደ ኤሊ ቀስ ብሎ ወይዘሮ ብርሃነሽን ከነወንበራቸው ዞረ፤ ሄልሜቱን ዝቅ አድርጎም በመስኮት እጅ ነሣ። ዮዲ ሰዓቷን እንደያዘች «ዌይት፣ እሳቸው ኮን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። እርስዎ ለአፍታ አሰቡና «ይቆጠርለት» አሉ። መንገዱን ወንበር ስላሳጠረው ደምሴ እንደዚያ እያዘገመም አንደኛ ወጣ። ልጁን እወደዋለሁ፤ ወይዘሮ ብርሃነሽንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ወይዘሮ ብርሃነሽ ኮን አይደሉም።

፬ኛ. ስለ ጠባቂውና ስለ መነጽሩ። ጠባቂው ለካ ገመዱ ሲነሳ ጀምሮ ከሩቅ ፎቶ ሲያነሳ ነበር፤ መጥቶ የገመዱ ኃላፊ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ እርስዎ ጣትዎን ወደ እኔ ቀስረው በእንግሊዝኛ «ሺ ካንት ሪድ»፣ ማንበብ አትችልም፣ አሉት። እንግሊዝኛ ብዙ አላውቅም። ይህቺን ቃል ግን በየትኛውም ቋንቋ ብትመጣ አውቃታለሁ፤ ስልሳ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። ለመሆኑ ክቡርነትዎ የዚያኑ ዕለት ጠዋት መነጽርዎን አርሊንግተን ረስተው መጥተው «እስቲ እማማ፣ ምን ይላል?» ብለው ወረቀቱን የሰጡት ለማን ነበር? ሰባቱንም መስመር ቆሜ፣ ጮክ ብዬ ያነበብኩልዎ እኔ ነኝ። «ገመዱ ከቦታው አይነሳም» የምትለዋን አስደግመውኛል። «ጎበዝ!» ብለውኛልም። ያቺን «ጎበዝ» ይዤ የሥራ ሰደርያዬን ለብሼ ገመዱ ዘንድ ስቆም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰደርያውን አጥቤ፣ አጣጥፌ በደምሴ እጅ ልኬልዎታለሁ፤ ፊሽካውም ኪሱ ውስጥ ነው። ሥራውን ይመልሱልኝ አልልም። የምለምንዎ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በዚያው ግሩፕ፣ ለዚያው ሁለት መቶ ሰው፣ «እታለማሁ አንብባልኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ» ብለው ይጻፉ። መነጽሩ እስካሁን ካልተገኘ መጥቼ እጽፍልዎታለሁ፤ ጮክ ብዬም አነብልዎታለሁ፤ ከፈለጉ እደግምልዎታለሁ።

ዘመንዎ እንደ ቅዳሜው ገመድ ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ትምህርት ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
እታለማሁ፣ በገዛ እጇ የጻፈችው

ሳልረሳው፦ ጠባቂው ያነሳውን ፎቶ ዮዲ ልካልኛለች። ገመዱን ከወይዘሮ ብርሃነሽ ራስ በላይ የያዘው እጅ ማኅበሩ አምና የሸለመዎትን ሰዓት አስሯል፤ በጣም ያምርብዎታል። ከኋላ የሚያዩዋት ወረቀት የያዘች ሴት እኔ ነኝ። በመጪው ስብሰባ እመጣለሁ፣ ከፊትም እቀመጣለሁ። በዕድሜ ታላቅዎ ሆኜ ሳለ፣ ለሊቀ መንበርነትዎ ክብር ስል፣ እርስዎ በገቡ ቁጥር «ኖር» እያልኩ ስነሳ ኖሬያለሁ። ያቺ መስመር እስክትጻፍ ድረስ ግን ከወንበሬ አልነሳም።