«ተሳተፉ» ተብዬ ስሳተፍ ስለ መባረሬ

ለተከበሩ አቶ ቴዎፍሎስ፣
የመሐል ሜዳ የበዓል ኮንሰርት አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ባለበት ይድረስዎ። ጤናዎን፣ ይልቁንም ከዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ አጠገብ የዋለውን ጆሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እርስዎም ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

ባለፈው እሑድ ኮንሰርትዎ ላይ ትኬት ቆርጬ ገብቼ ነበር። ልጄ ማሙሽ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ሐዘንተኛ ሴት ዘፈን ላይ ምን አላት ይሉኝ ይሆናል፤ አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ አማከለችም ብላኛለች። የሄድኩት ለአንድ ጉዳይ ነው። የዕለቱ ድምፃዊዎ አወቀ፣ ገና ስሙ አዲስ አበባ ሳይደርስ፣ በየሠርጋችን ማሲንቆ ሲመታ፣ «ተቀበል» እያለ ግጥም የሚሰጠው የኔ ልጅ ነበር። እኔም ለልጄ አንዲት ግጥም ይዤ፣ አወቀ ተቀብሎ እንዲያዜምልኝ ብዬ መጣሁ።

ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. መድረክ መሪዎ «እጅ ወደ ላይ» እያለ ስላተጋን አመሰግናለሁ። የመንዝ ሰው በኅዳር ውርጭ እጁን ከሱፍ ባናው የሚያወጣው መስቀል ለመሳለምና ለጉርሻ መሆኑን የነገረው ስለሌለ አልፈርድበትም። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ታዘው ሁለቱንም ቢያነሡ ባናቸው ወደቀ፤ የሚያነሣላቸው ቢፈልጉ የሁላችንም እጅ ሰማይ ላይ ነበር።

፪ኛ. አወቀ ዘፈኑ ደኅና ቦታ ላይ ሲደርስ ማይኩን ወደ እኛ እያዞረ እኛን ያዘፍነን ነበር። በግ ልገዛ ሄጄ ሻጩ «እስኪ አንቺ ባኣ በይ» ያለኝ ያህል ቆጠርኩት።

፫ኛ. ይኼ ዋናው ነው። መድረክ መሪዎ ለምን ዝም አላችሁ፣ ተሳተፉ እንጂ ብሎ ሲቆጣ፣ የተጠራሁ መሰለኝ። በእኛ ዘንድ አድማጭ ተሳተፈ የሚባለው ግጥም ሲሰጥ ነውና፣ ከተቀመጥኩበት ከአጥሩ ሥር ተነሥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ተቀበል» አልኩ፤

ብርዱን አልፈራውም ባናም ለብሻለሁ፣
አንድ ሰው ቀርቶብኝ ግን እንቀጠቀጣለሁ።

አወቀ አውቆኝ ማሲንቆውን አነሣ። ነገር ግን መድረክ መሪዎ በማሽን ሙዚቃ አስደፈነው፤ ሲና የምትባል ባለ ቲሸርት አስተባባሪም መጥታ ፕሮግራም እየረበሹ ነውና ይውጡልን አለችኝ።

«ልጄ፣ ተሳተፉ ተብዬ እኮ ነው» አልኳት።

«እንደሱ አይደለም፣ እማማ። እኛ በሉ የምንላችሁን ነው» አለችና ክንዴን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ስለ አሸኛኘቱ አላማርርም፤ ሜዳው ጎድጓዳ ስለሆነ ደግፋኛለች።

ስለዚህ ለከርሞ ትኬቱ ላይ «ተሳትፎ ማለት የተባሉትን መድገም ነው» ብለው ቢያጽፉልን፣ የራሱ ቃል ያለው ሰው ቤቱ ይቀመጥልዎታል።

ኮሚቴዎን ያሰንብትልን፤ ማይክዎን ከመብራት መጥፋት ይሰውርልን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር በታዘዝኩት መሠረት ዝም የምለው፣

ጠጄ ጫኔ
የማሙሽ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትኬት መቁረጫ ያጡ ሰዎች ከውጭ አጥሩን ተደግፈው ያዳምጡ ኖሯል። ስወጣ ማሙሽን የሚያውቁት ግጥሜን አንሥተው ያዜሟት ጀመር፤ ሌላውም ተከተላቸው፤ አወቀም ከውስጥ ማይኩን አስቀምጦ በማሲንቆው ተቀበላቸው። ልጄ ተዘፈነለት። መድረክ መሪዎም ነገሩ ሳይገባው «ይኼ ነው ተሳትፎ!» ሲል ከውጭ ሆኜ ሰማሁ። ያን ጊዜ እርስዎ ከፊት ወንበር ተነሥተው እንዳጨበጨቡ፣ ውስጥ የቀረችው አማከለች ነግራኛለች። እግዜር ይስጥልኝ፤ ልቅሶ ከደረሱልኝ ሰዎች ጋር ቆጥሬዎታለሁ። ያጨበጨበ ለቀስተኛ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።