ሁለት ልጆች፣ አንድ የጆሮ ውጤት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው የከበደ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የማተሚያ ቤት ሠራተኛና የአንዲት የሁለት ዓመት ከአራት ወር ልጅ አባት ነኝ። ልጄ በሆስፒታልዎ ተወልዳ፣ በሦስተኛ ቀኗ «ሁለቱም ጆሮዎች ጤነኛ ናቸው» የሚል ወረቀት ተሰጥቷታል። ልጄ አትሰማም። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ምርመራ ክፍሉ እጅግ አመሰግናለሁ። በቅርቡ ሌላ ቦታ ልጄን ያየልን ባለሙያ እንዳስረዳኝ፣ ምርመራው ለስላሳ ውታፍ በሕፃኑ ጆሮ አስገብቶ ትንሽ ድምፅ መላክ፣ ከዚያም ጤነኛ የውስጥ ጆሮ መልሶ የሚያወጣውን እጅግ ስስ ድምፅ መለካት ነው። ጸጥታ የግድ ነው። እርስዎም ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ክፍሉን ከጄኔሬተሩ ጋር ግድግዳ አጋሩት። መሣሪያው ሕፃን ባመጡለት ቁጥር «ጫጫታ በዝቷል» እያለ መቆሙ ይሉኝታ ስለማያውቅ ነው።

፪. ስለ መፍትሔዎ ግን ቃላት ያጥሩኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ክፍሉን ያዛውር ነበር። እርስዎ፣ በዚያ ክፍል ትሠራ የነበረችና ሥራዋን የለቀቀች ነርስ እያለቀሰች እንደነገረችኝ፣ ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ በዋለበት ቀን ከአንድ ጤነኛ ሕፃን የተገኘውን ውጤት ፎቶኮፒ አስደርገው፣ ስም ብቻ እየሞላች እንድታድል አዘዟት፤ የወሩ ሪፖርት መቶ በመቶ መሆን ነበረበትና። እኔ ኮፒ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። የልጄንና እዚያው የተወለደውን የጎረቤታችንን ልጅ ወረቀት ደራርቤ መስኮት ላይ ስይዛቸው፣ መስመሩ ከመስመሩ ልክክ አለ።

፫. ስለ ሐኪምዎም እንዲሁ። ልጄ በዓመቷ ከኋላዋ የድስት ክዳን ሲወድቅ ንቅንቅ አለማለቷን አይተን ብንወስዳት፣ ወረቀቱን አገላብጦ፣ ልጅቷን ሳያይ፣ «ትሰማለች፤ አውቃ ጆሮ ዳባ ልበስ እያለች ነው» ብሎ ሸኘን። አያቷም ስትጠራት ዞር ስለማትል «እቴጌ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠርቻት ስላልመጣች እጇን መታሁ። ለምን እንደተመታች ሳይገባት ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ለእርስዎም ይቅር የማለት ሐሳብ የለኝም።

ባለሙያው በጊዜው ብትመጣ ኖሮ በመስሚያ መሣሪያ ታግዛ ምናልባት እስካሁን አፍ ትፈታ ነበር ብሎኛል። አሁን ሀ ብለን እየጀመርን ነው። የባከነው ሁለት ዓመት በየትኛው ሪፖርትዎ ውስጥ እንደገባ ቢያሳውቁኝ ደስታውን አልችለውም።

የእርስዎን ትጋት ባሰበ ቁጥር ባርኔጣውን አንስቶ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ሌላ የሚያዞረው፣
በመቶ በመቶ ሪፖርትዎ ውስጥ የአንዷ ቁጥር አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ቅሬታዬን ላስገባ ስመጣ፣ አንድ ወጣት አባት የሦስት ቀን ልጁን ታቅፎ ከዚያው ክፍል ወጣና ደስታውን ለማካፈል ወረቀቱን አሳየኝ። ያው የእኛ ወረቀት ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ሰኞ ጠዋት የክትባት ክፍሉ በር ላይ እንቆማለን፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከእኛ ጋር እየደራረብን እናሳያቸዋለን። ወንበር አያዘጋጁልን፤ እርስዎ ብቻ ይምጡ።