እታለም አለፈች

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ለሰው የምናገረው አይደለም፤ ዛሬ በእኔ ጩኸት ሰፈራችን ለቅሶ ሊቀመጥ ነበር።

እኅቴ እታለም አምና የጥብቅና ፈቃድ ፈተናውን በጥቂት ነጥብ ወድቃ ቤታችን ሳቅ ጠፍቶበት ከርሟል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ጓደኞቿ ዘንድ ሆና የድጋሚ ፈተናዋን ውጤት አየች። ደውላ "አልፌያለሁ!" አለችኝ። ድምፄ ከጓዳ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን በር ላይ ቆሜ "እታለም አለፈች!" ብዬ ጮህሁ። ከዚያም በደስታ አለቀስሁ።

የጎረቤታችን የመሪጌታ ጃንጥላ ከእጃቸው ወደቀ። "ነፍስ ይማር! ጧት ደህና አልነበረች?" አሉ። ሚስታቸው ደረታቸውን መቱ። ሁሉም ሲያዩኝ ዓይኔን ሰበርሁ፤ "ፈተናውን" ማለት አቃተኝ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ እታለም ከባጃጅ ወረደች።

"ማን ሞቶ ነው?"

"አንቺ!" አሉ መሪጌታ። ነገሩ ሲገባቸው ግን እልል አስባሉ። "ጠበቃ ከሆንሽማ መጀመሪያ ይህችን ልጅ ክሰሻት፤ በቁምሽ ገድላሻለች።"

እስካሁን እስቃለሁ። ወሬው ግን ዓባይን ተሻግሯል፤ ነገ ለቅሶ ሊደርሱ የሚመጡ ዘመዶች አሉ። ማልጄ በር ላይ እቆማለሁ። ዓይኔን ሳልሰብር፣ "ፈተናውን" ከሚለው ጀምሬ ለእያንዳንዳቸው እነግራለሁ።