እንደ ቆሻሻ ተጭኖ ስለሄደው ቆጮዬ

ለተከበሩ አቶ መልካሙ ጩማ
የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የጽዳት ዘመቻ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብቶችዎና ይልቁንም አፍንጫዎ እንደምን ሰንብታችኋል? በአጥር የምንዋሰነው ጎረቤትዎ አገርነሽ ቦልቴ፣ አምላክ ይመስገን፣ ጤነኛ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግቢዬን ስላጸዱልኝ ምስጋናዬን በአካል ላቀርብ ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር፤ ቢሮዎ ስብሰባ ላይ፣ ቤትዎ ደግሞ እንቅልፍ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ አገር እየሰማ ላመሰግንዎ ወሰንኩ።

፩. ስለ ምድር ቤቴ። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሳይገባ ማንም ነዋሪ ምድር ቤቱን፣ ጓሮውንና የተረሳ ጥጉን ሁሉ እንዲያጸዳ በድምፅ ማጉያ ባሳወቁን ጊዜ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ወረድኩ። እዚያ ያገኘሁት ቀበሌው ለሳምንት ብቻ አስቀምጪልን ብሎኝ የረሳቸውን እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ አንድ የማይዘጋ የፋይል ሳጥንና ያለፉት ዓመታት የጽዳት ዘመቻ ባነሮች ነበር። የእኔ የምለው ንብረት ከስር የተጋደመው የተቀደደ ፍራሽ ብቻ ነው። ሁሉን አውጥቼ በር ላይ ስደረድር ኮሚቴዎ ደርሶ፣ የመንግሥት ንብረት ዝናብ እንዳይመታው በማለት መልሶ አስገባልኝ፤ ፍራሹንም አብሮ። ስለዚህ ምድር ቤቴ በእርስዎ ጥረት እንደነበረ ነው። ስለ ንጹሕ አካባቢ የሚያወራው ትልቁ ባነር ላይ አይጥ ወልዳበታለች።

፪. ስለ ጓሮዬ። ከምድር ቤቱ በስተጀርባ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት የነበረውን ጉድጓድ እርስዎ ያውቁታል፤ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከመሞቱ በፊት የተከላቸውን የመጨረሻ እንሰቶች የሰፈር ሴቶች ተሰባስበን ፍቀን፣ እንዲብላላ የቀበርነው ቆጮ ነበር። ልጄ መስከረም ዘንድሮ ተድራ፣ ከአማቶቿ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ከገሱባ ለጊፋታ ትመጣለች። የበዓሉ የቆጮ ምግብ፣ ሙቹዋ፣ ከአባቷ እንሰት ተሠርቶ፣ በቅቤ ርሶ እንዲቀርብላት ነበር ምኞቴ። እነዚያን አማቶች በሠርጉ ዕለት ሽማግሌ ሆነው ተቀምጠው፣ በጊፋታ ኑና የዚህን ቤት ሙቹዋ ቅመሱ ብለው የጋበዙት ደግሞ ክቡርነትዎ ነዎት።

፫. ስለዚያ ቅዳሜ። ያን ዕለት እኅቴን ልጠይቅ አረካ ሄጄ ነበር፤ የግቢዬን ቁልፍ የተውኩት ለእርስዎ ነው። ለዘመቻው ጉብኝት ከዞን የመጡት እንግዳ አፍንጫቸውን ይዘው የሚሸተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። እርሳቸው የሌላ አገር ሰው ናቸውና አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን፣ አጥሩ ሥር ቆማ የሰማችው ጎረቤታችን አያልነሽ እንደነገረችኝ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ "የተረሳ ቆሻሻ ነው፤ በሉ ጫኑት" አሉ። ጫኑትም። ባለማወቅ ነው እንዳልል፣ ያንን ጉድጓድ ከባለቤቴ ጋር የቆፈሩት ራስዎ ነዎት። በየዓመቱ ድርሻዎን በኮባ ጠቅልዬ በአጥሩ ላይ ሳቀብልዎ ሽታው አስቸግሮዎት አያውቅም። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል እሰማ ነበር፤ ከአጥሬ ማዶ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም። ስለ ቆጮው አዝኛለሁ። ክቡርነትዎ በአንድ እንግዳ ፊት በእኛ ማፈርዎን ስሰማ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

፬. ይህኛው አቤቱታ አይደለም፤ እርስዎ ለላኳቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች የሰጠሁት መልስ ነው። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጊፋታን አይሻገርም፤ ይህን ወግ ባለመርሳትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከገበያ ሌላ ቆጮ አምጥተው እንደሚተኩልኝ ነገሩኝ። እኔ የጠየቅኩት ያነሰ ነገር ነው፦ ያንኑ እንግዳ ይዘው መጥተው፣ በባዶው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው፣ ይህ የምንበላው ነው፣ ሳውቅ ነው ያስጣልኩት እንዲሉ ብቻ። ሽማግሌዎቹ ሄደው ሲመለሱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ከዚያ ሌላ የፈለገችውን ካሳ ትጥራ ብለዋል አሉኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነውና ገባኝ። እንግዲህ ዘንድሮ ሳንታረቅ እንሻገራለን። በዕድሜዬ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም፤ ያስፈራኛል።

ዘመቻዎ እንዲሰምር፣ የዞን እንግዶችም በእርስዎ እንዲደሰቱ እየተመኘሁ፣ ወንበሮችዎንና ባነሮችዎን ከዝናብ የምጠብቅልዎ፣

በፍጹም ትሕትና ጎረቤትዎ
አገርነሽ ቦልቴ

ማሳሰቢያ፦ ስለ እንግዶቼ አይጨነቁ። ወላጅ እናትዎ ነገሩን ሰምተው፣ ዛሬ ማለዳ ከራሳቸው ጉድጓድ ያወጡትን ቆጮ በዚያ ወገባቸው ተሸክመው አመጡልኝ። ሲወጡ በሩ ላይ እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ ጉድጓዳቸው የት እንዳለ ለእርስዎ እንዳልነግር።