ለብ ያለው ውሃ

ቅዳሜ፣ የካቲት 9፣ አሰላ

የዛንዚባር ጉዟችን ደረሰ። ባለቤቴ ፅጌ ትኬት ቆርጣ ጨርሳለች። ዋና የማያውቅ የአሰላ ሰው፣ ፊቱን ባሕር ውስጥ ደፍቶ ዓሣ ሊያይ!

ዛሬ ከሰዓት ለጉዞው በገዛነው የዋና መነጽርና የውሃ ውስጥ መተንፈሻ ቱቦ ልለማመድ ተነሳሁ። የዚያ አገር ባሕር ሞቃት ነው ስላሉኝ ውሃ ለብ አድርጌ ትልቁን ሳፋ ሞላሁ። ገና ፊቴን ሳልነክር እማዬ ከዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ፣ ከኦጎልቾ ደረሰች። ሳፋውን ስታይ ፊቷ በራ።

«ለእግሬ ነው? ተባረክ ልጄ!» ብላ ጫማዋን አወለቀች።

መነጽሩን ወደ ጎን አደረግሁ። ተንበርክኬ አጠብኳት።

ጉዞውን እስከ ዛሬ ደብቄያት ነበር። ታናሽ ወንድሟን የዝዋይ ሐይቅ ከወሰደው ወዲህ፣ ወደ ሐይቁ ዞር ብላ እንኳን አታይም። እግሯን እንደያዝኩ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ እግሯን አደራረቀችና፣

«ውሃውን ቀይርና እስቲ አሳየኝ» አለች።

ቱቦውን ነክሼ ፊቴን ሳፋው ውስጥ ደፋሁ። ትንፋሼ እንደ ደከመ በቅሎ ያናፋል። ቀና ልል ስል ከኋላዬ የሆነ ነገር ያዘኝ። እማዬ የሸሚዜን ኮሌታ በሁለት እጇ ጨምድዳዋለች።

«ቀጥል» አለችኝ። «ይዤሃለሁ።»