ስለ «እንጨት መሳዩ» በረንዳችን

ለተከበሩ የመንደራችን ውበትና ገጽታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ፤ በተለይ ወገብዎና ዳሌዎ ደህና ይሁኑልኝ። የእናቴ ዳሌ ግን ከውሳኔዎ ጋር መስማማት ስላቃተው ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ጉዳዩ፣ እንደሚያስታውሱት፣ የደጃፋችን በረንዳ ወለል ነው። የድሮው ጣውላ በስብሶ ሲነሳ፣ ራቅ ብላ መሄድ የከበዳት እናቴ ፀሐይ የምትሞቅበት ሌላ ቦታ ስለሌላት፣ አዲሱን ራሴ ካልመረጥኩ ስላለች እንጨት መሸጫው ድረስ ደግፌ ወሰድኳት። ናሙናዎቹን መሬት ላይ አስደርድራ፣ ውኃ አስፈስሳባቸው፣ ጫማዋን አውልቃ አንድ በአንድ ረገጠቻቸው። ሻጩ ቢስቅባት «ሳቅ ሳቅ፣ ልጄ፤ እኔ የምቆመው እግሬ ያመነው ላይ ነው» አለችው። እግሯ ያመነው ቦይ ቦይ የወጣለትን ሻካራ ጣውላ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩. ጣውላው «ከጎረቤት በረንዳዎች ጋር አይመሳሰልም» ተብሎ ሲከለከል፣ በምትኩ «እንጨት መሳይ» የተባለውን አንጸባራቂ ፕላስቲክ ስላዘዙልን ከልብ አመሰግናለሁ። አመራረጡንም የማየት ዕድል አግኝቻለሁ፦ ናሙናው ጠረጴዛዎ ላይ፣ ደረቅ እንደሆነ፣ በመዳፍዎ ዳበስ ዳበስ ተደርጎ ልስላሴው ተደነቀ። በእጁ ለሚራመድ ሰው ከዚህ የተሻለ ወለል አይገኝም።

፪. ውኃ ሲነካው እንደሚያንሸራትት ላስረዳ ደጅ ስጠና ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው ስለ ውበት ስለነበር ማቋረጥ ነውር መሆኑን ተረድቼ ተመልሻለሁ።

፫. ካፊያ በጣለበት ጠዋት እናቴ ወንበሯ ጋ ሳትደርስ ወደቀች። ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሐኪሙ ዳግመኛ እንደማትቆም ነግሮናል። አልጋዋን በመስኮቱ በኩል ወደ በረንዳው አዙረንላታል፤ ወለሉም፣ እንዳሉት፣ ተኝተው ሲያዩት በእርግጥ እንጨት ይመስላል።

፬. ለአቤቱታዬ የላኩልኝ ይቅርታ መሳይ ወረቀትም ደርሶኛል። «ነዋሪዋ በጥንቃቄ መራመድ ነበረባቸው» ይላል። ውኃ አስፈስሳ በባዶ እግሯ ወለል የፈተነችን ሴት ጥንቃቄ ስላስተማሩልኝ ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ የመረጠችው ጣውላ እንዲነጠፍ ይፍቀዱልን። ተሸክመን ፀሐይ እንዳናሞቃት እሷን እንደያዝን መውደቅ ፈርተናል። በጨዋ ቋንቋ ስለጻፍኩ ንዴቴ የበረደ እንዳይመስልዎ፤ አንጀቴ አርሯል።

ወለልዎ ደረቅ፣ እርምጃዎም የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እየተራመድኩ እሰናበታለሁ፤

በጥንቃቄ ያልተራመዱት ነዋሪ ልጅ

ማስታወሻ፦ በረንዳው ላይ ተደግፎ የቀረው የእናቴ ምርኩዝ ከመንገድ ስለሚታይ ገጽታ ያበላሻል፣ በአስቸኳይ ይነሳ በማለት የጻፉት ማስጠንቀቂያ ትናንት ደርሶናል። ትእዛዝዎ ተፈጽሟል፣ ምርኩዙን አንስተነዋል። ከእንግዲህ አያስፈልጋትም።